የባሮ ወንዝ ዳር ሰፈር፤ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ታሪክ

በኢሉባቦርና በወለጋ ደጋ ላይ የሚጥለው ዝናብ በብርብርና በገባ ወንዞች አማካይነት ተሰብስቦ የባሮን ወንዝ ያስገኛል። ባሮ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ እየተንደረደረ ወደ ምዕራብ ይወርድና ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ግስጋሴውን ገትቶ በዝግታ መፍሰስ ይጀምራል። የጎሬ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ ጋምቤላ የምትገኝበት ሜዳ ግን ከ530 ሜትር አይበልጥም። ከጋምቤላ ወዲያ እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ ያለው አገር ዝርግ ነው፤ ውኃው የሚወርድበት በቂ ቁልቁለት ስለሌለ በክረምት ወንዙ ከዳርቻው አልፎ ሜዳውን ያለብሰዋል። በኢታንግ በኩል ያለው ዝቅተኛ መሬት በነሐሴና በመስከረም ረግረግ ይሆናል። በሰሜን በኩል የሚፈሰውም ውኃ በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ወደሚገኘው ወደ ማቻር ረግረግ ገብቶ ብዙው በዚያው ይቀራል። የተረፈው ከፒቦር ወንዝ ጋር ይቀላቀልና ሶባት በሚል ስም ነጭ ዓባይን ይገባል፤ በማላካል በኩል ከሚያልፈው የነጭ ዓባይ ውኃ ግማሽ ያህሉ በሶባት የመጣ ነው።

ይህ አገር ከደጋው ሲታይ ሩቅ፣ ሞቃትና ንዳድ የበዛበት የዳር አገር ነው። በትምህርት ቤት የታሪክ ትምህርትም ጋምቤላ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቀሰው ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በ1894 ዓ.ም. ባደረጉት የወሰን ውል ምክንያት ሲሆን፣ ያም በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋል። ሆኖም ያ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚሸፍነው ጊዜ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና፣ ሰምና ቆዳ የሚወጣባት፣ ጨውና አቡጀዲ የሚገባባት ዋና በር ይህች የወንዝ ዳር ሰፈር ነበረች። ታሪኳን በጥንቃቄ ለሚከታተል ደግሞ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ይኸውም ውል ተዋዋዮቹ፣ ነጋዴዎቹና የጦር አዛዦቹ ያሰቡት ሁሉ በመጨረሻ የተለካው በወንዙ መሙላትና መጉደል መሆኑ ነው። ይህን የውኃ ዘመን አቆጣጠር ነዋሪዎቹ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ ከውጭ የመጡት ግን ዋጋ እየከፈሉ ተማሩት።

ከነዋሪዎቹ መካከል አኙዋኮች በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳርቻ የሚኖሩ ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። ቋንቋቸው ከሺሉክ፣ ከአቾሊና በኬንያ ከሚነገረው ከሉዎ ጋር አንድ ወገን ነው። ባሮን በራሳቸው ቋንቋ ኦፔኖ ይሉታል። መንደሮቻቸው ጎርፍ በማይደርስበት ከፍ ባለ የወንዝ ዳርቻ ላይ የተሠሩ ሲሆኑ፣ እርሻቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው በዝናቡ ወራት ከመንደሩ ጀርባ ባለው መሬት ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ ውኃው ሲሸሽ ደለል ባለበሰው የወንዙ አፋፍ ላይ። በዚህ ሁለተኛ እርሻ የሚዘራው በቆሎ ዝናብ አይፈልግም፤ ወንዙ ትቶለት የሄደው እርጥበት ይበቃዋል። የወንዙ መጉደል ለመርከብ ነጋዴ የሥራ መዘጊያ ሲሆን ለአኙዋክ ገበሬ ግን የሁለተኛው አዝመራ መክፈቻ ነው።

ኑዌሮች በበኩላቸው ከብት አርቢዎች ናቸው። ዝናቡ ሲጥል ከብቶቻቸውን ይዘው ከፍ ወዳለው መሬት ይወጣሉ፤ በበጋ ሜዳው ሲደርቅ ደግሞ ግጦሽና ውኃ ፍለጋ ወደ ወንዞቹ ይወርዳሉ። ጂካኝ የሚባሉት የኑዌር ወገኖች ከነጭ ዓባይ ምዕራብ ተነሥተው ወደ ሶባትና ወደ ባሮ የገፉት በ19ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ በዚሁ ምክንያት ከአኙዋኮች ጋር ብዙ ተዋግተዋል። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ግጭት ብቻ ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። ጋብቻ ነበረ፤ እህልን በከብት መለዋወጥም ነበረ። የአኙዋክ መንደሮች ከፊሎቹ ኩዋሮ በሚባሉ የመንደር አለቆች፣ ከፊሎቹ ደግሞ ኒየያ በሚባሉ መሳፍንት ይተዳደሩ ነበር። መሳፍንቱ የክብር ምልክት የሆኑ የጨሌ ሐብሎች ነበሯቸው፤ ሐብሎቹ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፉ ሲሆኑ ያላጠለቃቸው ሰው በመሳፍንቱ ዘንድ ሙሉ ማዕርግ የለውም። በእነዚህ ሐብሎች የተነሣ በጊሎ ዳር ያለ መንደር በአኮቦ ማዶ ካለው ጋር በዝምድናም በጠብም የተያያዘ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚያሳየው ወንዙ ለእነዚህ ሕዝቦች የአገር መካከል እንጂ የአገር ጠርዝ አለመሆኑን ነው። ካርታ ለሚሠራ ሰው ወንዝ የተመቸ ወሰን ነው፤ ሳይለፋ የተሰመረ መስመር ሆኖ ያገኘዋል። ግራና ቀኙን በታንኳ እየተሻገረ ለሚያርስ ሰው ግን በወንዝ መሐል ወሰን ማስመር ቤትን በምሰሶው ላይ ለሁለት እንደ መክፈል ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት ጦር ወደዚህ አገር በስፋት የወረደው በ1890 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሳይ የነጭ ዓባይን ሸለቆ ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም የግዛታቸውን ምዕራባዊ ወሰን እስከ ነጭ ዓባይ ለማድረስ አስበው በጎሬ የነበሩትን ደጃዝማች ተሰማ ናደውን (በኋላ ራስ ቢትወደድ) በባሮና በሶባት በኩል ላኩ። ከጦሩ ጋር ፌቭርና ፖተር የተባሉ ፈረንሳውያን፣ አርታሞኖፍ የተባለ የሩሲያ ኮሎኔልም ነበሩ። ከዋናው ጦር ተለይቶ የገሠገሠው ቡድን በሰኔ አጋማሽ ሶባት ከነጭ ዓባይ ጋር ከሚቀላቀልበት ደርሶ ባንዲራ ተከለ። ነገር ግን የደጋው ወታደር በንዳድ እየወደቀ ነበር፤ ስንቅ አልቋል፤ ዝናቡም ጀምሯል። ክረምቱ ሜዳውን ሳይዘጋው መመለስ ግድ ስለ ሆነ ቡድኑ ወዲያው ተመለሰ። ፈረንሳዊው ሻለቃ ማርሻን ከኮንጎ በኩል ተነሥቶ ፋሾዳ የደረሰው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። በሁለቱ መድረስ መካከል የነበረው ጊዜ ሦስት ሳምንት አይሞላም። ቢገናኙ ኖሮ የአካባቢው ታሪክ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ ብዙ ጸሓፊዎችን አከራክሯል። ጥያቄው ማራኪ ቢሆንም መልሱ ያን ያህል አሳሳቢ አይመስልም፤ ጦሩ ማርሻንን ቢያገኘውም እንኳ በዚያ ረግረግ ውስጥ ክረምቱን የሚቀለብበት መንገድ አልነበረም።

ማርሻንም ቢሆን ፋሾዳን ለእንግሊዞች ለቆ በታኅሣሥ 1891 ዓ.ም. ሲወጣ የመረጠው መንገድ ይኸው ወንዝ ነው። ፌደርብ የምትባለው ትንሽ የእንፋሎት ጀልባው ከኮንጎ ተፋሰስ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ተበታትና በሰው ጉልበት የተሻገረች ነበረች። በሶባትና በባሮ ሽቅብ ከተጓዘች በኋላ ከዚያ በላይ መሄድ ስላልቻለች በዚያው ቀረች። ማርሻንና ሰዎቹም በእግርና በበቅሎ በጎሬና በአዲስ አበባ አልፈው በ1891 ዓ.ም. መገባደጃ ጂቡቲ ደረሱ። ባሮ በእንፋሎት ጀልባ ሊወጣ እንደሚችል፣ እስከ ተወሰነ ቦታ ድረስ ብቻ እንደሚወጣም፣ በዚህ ጉዞ ታየ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902) ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴ ጆን ሃሪንግተን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚመለከተውን ውል በአዲስ አበባ ተፈራረሙ። የውሉ ሦስተኛ አንቀጽ የጥቁር ዓባይን፣ የጣናን ሐይቅና የሶባትን ውኃ የሚገታ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚያስገድድ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ብዙ የተጻፈው በእርሱ ላይ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን አራተኛው አንቀጽ ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። መሬቱ የንግድ ጣቢያ ሆኖ እንዲያገለግል እንጂ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ተከልክሏል። የኪራዩም ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ እንዲሆን ተወሰነ። የዓመት ቁጥር ሳይጻፍበት በሌላ አገር መንግሥት ዕድሜ የተለካ ኪራይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በዚሁ ውል ወሰኑ የባሮን፣ የፒቦርንና የአኮቦን ወንዞች ተከትሎ እንዲሄድ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም. መስመሩን በቦታው እየዞረ የወሰነው እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን ነው። ከዚህ የተነሣ አኙዋኮች ለሁለት ተከፈሉ፤ የጂካኝ ኑዌሮችም የክረምት መንደራቸው በአንድ መንግሥት፣ የበጋ ግጦሻቸው በሌላ መንግሥት ግዛት ውስጥ ሆነ። ውሉ የተፈረመው በወንዞቹ ዳር ከሚኖሩት መካከል የተጠየቀ ሰው ሳይኖር ነው። በዚያ ዘመን በአፍሪካ የተሠሩ ወሰኖች ሁሉ እንደዚሁ በመሆናቸው ነገሩ የተለየ አይደለም፤ ሆኖም የተለመደ መሆኑ ውጤቱን አያቃልለውም።

ውሉ የጠቀሰው ኢታንግን ቢሆንም ጣቢያው ጸንቶ የቆመው ከኢታንግ በላይ፣ ተራራው በሚጀምርበት በጋምቤላ ነው። ምክንያቱን የመሬቱ አቀማመጥ ይናገራል። የኢታንግ አካባቢ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ መርከብ በሚመጣበት ወር መጋዘኑ በውኃ የሚከበብበት ቦታ ለንግድ አይሆንም። ጋምቤላ ግን መርከብ ሊደርስ የሚችልበት የመጨረሻው ቦታ ሲሆን ከደጋው ለሚወርደው ነጋዴም የቀረበ ነው። ወደቡና የጉምሩክ ጣቢያው በ1899 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1907) ሥራ ጀመሩ። የመርከቡን አገልግሎት የሚሰጠው የሱዳን ምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ነበር። ከጋምቤላ እስከ ካርቱም ያለው የወንዝ ጉዞ 1,366 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በክረምት ወራት ብዙውን ጊዜ በወር ሁለት መርከቦች ይመላለሱ ነበር። ቁልቁል ሰባት ቀን፣ ሽቅብ አሥራ አንድ ቀን ይፈጅ ነበር።

የዚህ ንግድ አሠራር በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። መርከብ የሚሄደው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ ነው። በእነዚህ ወራት ደግሞ ከጎሬና ከሳዮ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ጭቃ ሆኖ፣ ጅረቱ ሁሉ ሞልቶ፣ ጭነት አይወርድበትም። መንገዱ የሚደርቀው ከኅዳር በኋላ ነው፤ ቡናው የሚለቀመውም በዚሁ ጊዜ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ወንዙ ጎድሎ የአሸዋ ደለሉ ይታያል፤ መርከብ የለም። ስለዚህ በበጋ የወረደው ቡና እስከ ሰኔ ድረስ በጋምቤላ መጋዘን መቆየት ነበረበት። በክረምት በመርከብ የመጣው ጨውና አቡጀዲም መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ ይጠብቅ ነበር። አንዱ መንገድ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መጋዘኑ ነው። መርከቡ ብዙ የተወራለት ቢሆንም የጋምቤላ እውነተኛ ልብ የቆርቆሮው መጋዘን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህም አንድ ሌላ ነገር ይከተላል። ቡናውን በጥር ገዝቶ በሐምሌ የሚሸጥ ነጋዴ ገንዘቡን ለግማሽ ዓመት አስሮ መቀመጥ የሚችል መሆን አለበት። ይህን የመሰለ አቅም በጊዜው የነበራቸው በአብዛኛው የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ነበሩ። የደጋው ነጋዴ ዕቃውን አውርዶ ጠገራ ብሩን ተቀብሎ፣ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ይመለስ ነበር እንጂ ጥቅሙ ትልቅ የሆነበትን የመጠበቂያውን ጊዜ ለሌላ ይተውለት ነበር። በጋምቤላ ንግድ የውጭ አገር ሰዎች የበላይነት የመጣበት ምክንያት ሲነገር ይህ የወራት ልዩነት ተዘንግቶ የፖለቲካው ድጋፍ ብቻ መነሣቱ ጉዳዩን ጎዶሎ ያደርገዋል።

በባሮ የሚወጣው ዕቃ በመጀመሪያ የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና ከጫካ የሚለቀም ጎማ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ቡናው ሌላውን ሁሉ በለጠ። ከሚገባው ውስጥ ትልቁን ስፍራ የያዙት ጨውና የጥጥ ጨርቅ ናቸው። የባሕር ጨው በወንዝ መምጣቱ ከሰሜን በነጋዴ ተጭኖ ብዙ እጅ አልፎ ለሚደርሰው አሞሌ ብርቱ ተፎካካሪ ሆነበት። ጭነቱ ከጎሬ በቡሬ አድርጎ ይወርዳል። ቡሬ በዳገቱ አፋፍ ላይ ያለች የኢሉባቦር ከተማ ናት፤ የጎጃሟን ቡሬ ለሚያውቅ አንባቢ ስሙ እንዳያሳስት ማመልከት ይገባል። ከዚያ በታች በቅሎና አህያ በገንዲ በሽታ ስለሚያልቁ ብዙው ጭነት በሰው ትከሻና ራስ ላይ ይጓዝ ነበር። የደጋው ተሸካሚ በቆላው ንዳድ ይያዛል፤ ስለዚህም ጭነቱን አራግፎ ሌሊቱን እንኳ ሳያድር ሽቅብ መመለስን ይመርጥ ነበር። የእነዚህ ተሸካሚዎች ድካም በቡናው ዋጋ ውስጥ አለ፤ በመዛግብቱ ውስጥ ግን ስማቸው አይገኝም።

የእንግሊዝ መንግሥት ጋምቤላን የፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፈረንሳዮች ከጂቡቲ የዘረጉት የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የምሥራቁና የመካከሉ አገር ንግድ ወደ ሐዲዱ መሳቡ የማይቀር ሲሆን፣ ምዕራቡ ግን ከሐዲዱ በብዙ ሳምንት የነጋዴ ጉዞ ይርቃል። ይህን ሩቅ አገር በወንዝ ወደ ሱዳን መሳብ ለካርቱም መንግሥት ገበያም ቀረጥም ያስገኛል። እንግሊዞች በጎሬ ቆንስል ያቆሙትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዚያ የቆንስልነት ሥራ ከነበሩት አንዱ ዎከር ስለ ኢትዮጵያውያን ኑሮ የጻፈው መጽሐፍ በ1925 ዓ.ም. ገደማ ታትሟል። የጋምቤላ ንግድ በብዛት የደራው ከ1910 እስከ 1920 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ሲሆን፣ በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ከሚደረገው ንግድ የሚበዛው በዚህ በኩል ያልፍ ነበር። ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ውድቀት የቡናን ዋጋ ሲጥለው ግን ጋምቤላም አብራ ወደቀች።

ንግዱ ለአኙዋኮችና ለኑዌሮች ምን አተረፈላቸው ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚያስደስት አይደለም። ቡናው የሚበቅለው በደጋ፣ የሚሸጠው በካርቱም ነው፤ ትርፉ የወንዙን ዳር ሕዝብ አልፎት ይሄዳል። ንግዱ በብዛት ያስገባላቸው ነገር ቢኖር ጠመንጃ ነው። ይህ ጠመንጃ በአብዛኛው የመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ በዝሆን ጥርስ ልዋጭ ሲሆን፣ ቀድሞ በኑዌሮች ጥቃት ይንገላቱ የነበሩት አኙዋኮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኃይለኞች ሆኑ። የሱዳን መንግሥት ይህን ለመግታት በመጋቢት 1904 ዓ.ም. ጦር ወደ አዶንጋ ሲልክ አኩዌ ዋ ቻም በተባለው የአኙዋክ መስፍን የሚመሩት ተዋጊዎች ከባድ ጉዳት አደረሱበት፤ ከሞቱት መካከል እንግሊዛውያንና ግብፃውያን መኮንኖች ነበሩ። በኢትዮጵያ በኩልም የሶርያ ተወላጅ የሆኑትና በመንግሥት አገልግሎት የጠረፍ ሹም የነበሩት ቀኛዝማች መጂድ አቡድ አኙዋኮችን ለማስገበር ዘመቱ። አንዱ ሕዝብ በሁለት መንግሥታት በኩል በየተራ ይቀጣ ነበር። ከአንዱ ቅጣት የሸሸ ወንዙን ይሻገራል፤ ለሁለቱም መንግሥታት ራስ ምታት የሆነው ወሰን ለሸሺው መጠጊያ ሆነለት። ነዋሪዎቹ ከወሰኑ ያገኙት ጥቅም ይህ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

በጠላት ወረራ ዘመን ጎሬ ለጥቂት ወራት የነጻው መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ አስተዳደሩን ይዘው ነበር፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያው መጥተዋል። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ኢጣሊያኖች ጎሬን ያዙ፤ ራስ እምሩም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በጎጀብ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ በኋላ ውጊያው ወደ ወንዞቹ የወረደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) የአኙዋክን አስተዳደር ለማጥናት መጥቶ የነበረው እንግሊዛዊው የኅብረተሰብ ሊቅ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1933 ዓ.ም. ጥቂት የአኙዋክ ተዋጊዎችን እየመራ በአኮቦና በጊሎ ዳር ኢጣሊያኖችን ይወጋ ነበር። ስለ አኙዋኮች የጻፈው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1940 የታተመ ሲሆን እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ምሁሩ ያጠናቸው ሰዎች መሪዎቹ ሆነው ረግረጉን አሻገሩት።

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር በመጀመሪያ አሶሳን፣ ቀጥሎም ጋምቤላን ያዘ። ወታደሮቹ ኮንጎዎች፣ መኮንኖቹ ቤልጅጎች ነበሩ። ከጋምቤላ ተነሥተው ወደ ሳዮ ዳገት ወጥተው ጠላትን ቢጋፈጡም ብዙ ሊገፉ አልቻሉም። በሚያዝያና በግንቦት ወንዙ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ስንቅና ጥይት በመርከብ ማድረስ አዳጋች ነበር። ኋላ ደግሞ ዝናቡ መንገዱን አበላሸው፤ ከጥይቱ ይልቅ ረኀብና በሽታ ወታደሩን አጠቃው። በሰኔ ውኃው ሞላ፤ ተጨማሪ ጦርና ስንቅም ደረሰ። የኢጣሊያው ጄኔራል ጋዜራ በሳዮ እጁን የሰጠው በዚያው በሰኔ 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በጋምቤላ በኩል በተደረገው ዘመቻ ድሉን ያስገኘው ወንዙ ነው ማለት ትክክል አይሆንም፤ ቀኑን ግን ወንዙ እንደ ቆረጠው የሚያጠራጥር አይደለም።

ከጦርነቱ በኋላ ጣቢያው እንደገና በሱዳን አስተዳደር ሥር ሆኖ ሲሠራ ቢቆይም ዘመኑ እያለፈበት ነበር። የመኪና መንገድ በጅማና በነቀምት በኩል ወደ ምዕራብ መዘርጋቱ ቡናውን ወደ አዲስ አበባ ሳበው። መኪና ሰኔን አይጠብቅም፤ ገንዘብም ለግማሽ ዓመት አያሳስርም። ከፍ ብሎ የተገለጸውን የመጋዘን ሥርዓት ያፈረሰው ይህ ነው። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ በ1894ቱ ውል ውስጥ የተጻፈው የኪራይ ዘመን በራሱ ቃል አበቃ፤ ጋምቤላም እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰች። መርከቦች ከዚያ በኋላም መምጣታቸው አልቀረም፤ ነገር ግን በደቡብ ሱዳን የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት የወንዙን ጉዞ አስጊ ስላደረገው ንግዱ ከዓመት ዓመት እየተመናመነ ሄደ።

ለትምህርት ታሪክ ተመራማሪ አንድ ጉዳይ ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። የንግድ ጣቢያው በቆየበት ዘመን ሁሉ ስለ ሚዛን፣ ስለ ቀረጥና ስለ ጭነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ትምህርት ቤት ግን የሚነገር ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ከጋምቤላ በታች በባሮ ዳር በምትገኘው በፖክዎ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የከፈተው በ1940ዎቹ ነው። የአኙዋክ ቋንቋ በጽሑፍ መስፋፋት የጀመረውም በሚሲዮኖቹ ሥራ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በኋላ አኙዋክኛ፣ ኑዌርኛና ማጃንግኛ በክልሉ የአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋዎች ሆነዋል። በእነዚህ ቋንቋዎች ለወራቱ፣ ለውኃው ከፍታና ለእርሻው ዓይነት የሚሰጡት ስሞች የአገሩን መልክዓ ምድር ከማንኛውም ካርታ በበለጠ ያስረዳሉ፤ ተሰብስበው ወደ መማሪያ መጽሐፍ መግባት ያለባቸውም አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ ነው።

ጣቢያው ከተዘጋ ወዲህ የወንዙ ዳር ሌላ ዓይነት ሕዝብ አስተናግዷል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱ የሰሜን አውራጃዎችና ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው የደቡብ አካባቢዎች ብዙ ገበሬዎች ወደ ጋምቤላ ሜዳ ተወስደው ሰፈሩ። ውኃው ረግረግ ነው ተብላ በ1890ዎቹ የተተወችው ኢታንግም ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ስደተኞች የሚኖሩባት ሰፈር ሆነች፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ቀረች። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በዚያው መንገድ እንደገና መጥተዋል። በ1894 ዓ.ም. የተሰመረው የባሮ፣ የፒቦርና የአኮቦ ወሰን ከሐምሌ 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከሱዳን ሳይሆን ከደቡብ ሱዳን የሚለይ ሆኗል። መስመሩ ግን ያው የወንዙ መሐል ነው፤ በኅዳር ውኃው ሲሸሽ በሁለቱም ዳር ያሉ አኙዋኮች ደለሉ ላይ በቆሎ ይዘራሉ።